ከቁሉቢ ሜዳ እስከ ሮስኪልድ፦ ድንኳን ውስጥ እያደሩ ሙዚቃ ለመስማት የሚያስፈልገው ዝግጅት

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ እናቴ ብርድ ልብሱን፣ ጀሪካኑን፣ ቆሎውንና ጧፉን ሸክፋ እኛን አስከትላ ቁሉቢ ገብርኤል ትወጣለች። ሜዳ ላይ ሸራ እንወጥራለን። ጎረቤታችን ማን እንደሚሆን አናውቅም። ሌሊቱን ከበሮና እልልታ እየሰማን እናነጋለን። ጠዋት የአንዱ ጫማ ጠፍቷል፣ የአንዷ ልጅ ጠፍቶ ተገኝቷል፣ አንዲት የማናውቃት ሴት ደግሞ ሻይ አፍልታ ትጠራናለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዴንማርክ ውስጥ፣ ሮስኪልድ የምትባል ከተማ ዳር፣ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነቃሁ። ጀርባዬ ደርቋል። በግራ በኩል ሰው ያንኮራፋል፣ በቀኝ በኩል ሰው ይስቃል። "አቦ፣ ይሄማ ቁሉቢ ነው!" አልኩ ለራሴ። ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። "ቅዱስ ገብርኤልን ከዳንኪራ ጋር አንድ ላይ አትጥሪብኝ!" ልክ ናት። እኔ ግን የማወራው ስለ ብርዱ፣ ስለ ሰልፉና ስለ ሽንት ቤቱ ነው። በዚያ በኩል ወንድማማቾች ናቸው።

ሮስኪልድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ከዚያ በፊት አንዴ ሞክሬ አዲስ አበባ ቀርቻለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች "እንዴት ሄድሽ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ቦታው ምንድነው?

ሮስኪልድ ከኮፐንሀገን ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፌስቲቫሉ የተጀመረው በ1971 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጠነሰሱት ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከ1972 ወዲህ የሚመራው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ የሚተርፈው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ቢራ ቀጂው፣ በር ጠባቂው፣ ቆሻሻ ሰብሳቢው አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። 30,000 ገደማ ይሆናሉ። እነሱ ተጨምረው ሜዳው ላይ 130,000 የሚጠጋ ሰው ይሰፍራል።

ርዝመቱ ስምንት ቀን ነው። ጁን መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ተጀምሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያልቃል። በኛ ሰኔ 20 አካባቢ የሚጀምረው ሳምንት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በአብዛኛው የሰፈር ኑሮ ናቸው፤ ጨዋታ፣ ጭፈራ፣ ትንንሽ መድረክ ላይ ገና ስማቸው ያልታወቀ ልጆች። ዋናው ግቢ የሚከፈተው ረቡዕ ነው። ትልልቆቹ ስሞች ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ይጫወታሉ።

ለኛ ኪስ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ሙሉው ትኬት የድንኳን ቦታን ይጨምራል። ትኬቱ ከ2,000 የዴንማርክ ክሮነር በላይ ነው፤ አንድ ዩሮ ሰባት ክሮነር ተኩል ያህል ነው። ውድ ነው። ግን ኮፐንሀገን ውስጥ ለሆቴል የሚወጣውን ሲያስቡት ይቀላል።

ቪዛው

ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። የሸንገን ቪዛ (ዴንማርክንና ስዊድንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚሠራው የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር ቀድሞ አይገባም። ስለዚህ ገና ሲያልፍ ወረቀት መሰብሰብ፣ ሚያዝያ ላይ ማስገባት ጥሩ ነው። መልሱ በተለመደው አሠራር በ15 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ አጠራጣሪ ከሆነባቸው ግን እስከ 45 ቀን ሊያቆዩት ይችላሉ። ክፍያው ከ2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል። ቢከለክሉም አይመለስም። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል።

የማንን ኤምባሲ ነው የምታመለክቱት? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሕጉ ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር ነው ይላል። ቀኑ እኩል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምትገቡበት። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ማልሞ፣ ስዊድን ነው። ከኮፐንሀገን በድልድይ ማዶ ለማዶ ናቸው። እኔ ዘጠኝ ሌሊት እሱ ቤት፣ አምስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ነበር ያቀድኩት። ስለዚህ ማመልከቻዬ ለስዊድን ሆነ። እሱ የግብዣ ቅጹን ሞላልኝ፤ ከግብር መሥሪያ ቤታቸው የሚወጣውን የነዋሪነት ማስረጃም ላከልኝ። ፌስቲቫሉን አልደበቅኩም። ትኬቱን አያያዝኩ፤ እያንዳንዱ ሌሊት የት እንደማድር በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጻፍኩ። መደበቅ የሚባለውን ነገር እርሱት። ድንበር ላይ ፖሊሱ "ወዴት ነሽ?" ሲል ወረቀታችሁና አፋችሁ አንድ ይሁኑ።

የመጀመሪያው ዓመት ግን ተከለከልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ መሥራቴ ደግሞ ያሳፍራል። ሒሳቤ ሳሳ ያለ መሰለኝና ከወንድሜ 300,000 ብር ተበድሬ፣ ማመልከቻው ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስገባሁ። የባንክ መግለጫው ላይ ስድስት ወር ሙሉ ደመወዝ ገባ፣ ደመወዝ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ ከዚያ ድንገት ዱብ! ሕፃን ልጅ እንኳ ያያታል። የመጣልኝ ወረቀት ላይ "ወደ አገርሽ ስለመመለስሽ እርግጠኛ አይደለንም" የሚል ዓይነት ሣጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። የአውሮፕላን ትኬቴንም ቀድሜ ገዝቼ ስለነበር ግማሽ ገንዘቡ ቀለጠ።

በሁለተኛው ዓመት እንዲህ አደረግኩ። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አጠራቀምኩ። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ መውጣቴንና የምመለስበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ወሰድኩ። ለአውሮፕላኑ ቦታ ብቻ አስያዝኩ፤ የገዛሁት ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው። የፌስቲቫሉን ትኬት ግን ቀድሜ ገዛሁ፤ ቪዛ ከተከለከልኩ የአክስቴ ልጅ እዚያው እንደሚሸጥልኝ ተስማምተን ነበር።

ዘመድ የሌላችሁ ደግሞ አንድ ምክር። "የት ነው የምታድረው?" የሚል ጥያቄ አለ። "ድንኳን" ብሎ መጻፍ ለእናንተ መልስ ነው፤ ወረቀቱን ለሚያየው ሰው ግን ጎዳና ነው። ከፌስቲቫሉ በፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ሌሊት ርካሽ ማደሪያ አስይዙ። መሃል ላሉት ቀናት ትኬቱ የድንኳን ቦታን እንደሚጨምር የሚያሳየውን ገጽ አትማችሁ አያይዙ።

በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የተወሰነ ሰዓት ሠርቶ በነፃ መግባትም አለ። የአክስቴ ልጅ በዚያ ነው የሚገባው። ለእናንተም ያምራል፤ የጉብኝት ቪዛ ግን ለጉብኝት ነው። ሳትጠይቁ አትግቡበት። እኔ ከፍዬ ነው የገባሁት።

ገንዘብና መንገድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2023 በቪየና በኩል ኮፐንሀገን መብረር ጀምሯል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር በአንድ በኩል ማልሞ፣ በሌላው በኩል ሮስኪልድ ትደርሳላችሁ። ሁለቱም ከአንድ ሰዓት በታች ናቸው። ከሮስኪልድ ጣቢያ ሜዳው ድረስ በፌስቲቫሉ ሰሞን አውቶቡስ ይመላለሳል፤ ካምፑ አጠገብ የሚቆም ባቡርም አለ። ትኬት ሳትቆርጡ ባቡር ውስጥ አትግቡ። እኛ አገር ረዳቱ መጥቶ ይጠይቃል፤ እዚያ ተቆጣጣሪው ድንገት ይመጣል፣ የሚጠይቀው ደግሞ ቅጣት ነው።

ስዊድንም ዴንማርክም "ክሮነር" ይላሉ፤ ግን ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው። ፌስቲቫሉ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ሁሉም በካርድ ነው። ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዛችሁ ባንካችሁ ጋ ሂዱ። ከሚፈቀደው ምንዛሪ ላይ የሚበዛውን ውጭ አገር በሚሠራ የጉዞ ካርድ ላይ አስሞሉ። ጥቂት ዩሮ በእጅ። ካርዱን እንደደረሳችሁ ውሃ ገዝታችሁ ሞክሩት፤ ሜዳው ላይ ከራባችሁ በኋላ አይደለም።

እዚያ ለአንድ ሳህን ምግብ 100 ክሮነር አካባቢ ነበር የምከፍለው። በብር አታስሉት። አንዴ አስልቼ እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሻንጣው

ድንኳን ከአዲስ አበባ ይዛችሁ አትሂዱ። ተዋሱ። ካልሆነ እዚያ ግዙ። የማይቀረው የፍራሹ ጉዳይ ነው። ብርድ ከላይ ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ፤ የሚመጣው ከታች፣ ከመሬቱ ነው። ቀጭን የስፖንጅ ምንጣፍ ከስር ካላነጠፋችሁ ምን ቢደርቡ አይሞቅም። ይሄን እናቴ ቁሉቢ ላይ ካርቶን ከሸራው ስር ስታነጥፍ አይቼው ነበር፤ ግን ረስቼዋለሁ።

ጋቢ የግድ ነው ብዬ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ንግሥት ነበርኩ። በሁለተኛው ሌሊት ዘነበ። የድንኳኑን በር በደንብ አልዘጋሁትም ነበር። ጋቢዬ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ እንደ በግ ከበደ። ጥጥ ነው፤ እርጥብ አየር ላይ አይደርቅም። አራት ቀን ሙሉ በላስቲክ ጠቅልዬው ቆየሁ፤ ሲከፈት የሸተተኝን ሽታ አልነግራችሁም። በሁለተኛው ጉዞዬ የመኝታ ከረጢት ተዋስኩ፤ ጋቢዋን ለማልሞ ሶፋ ተውኳት። ነጠላ ግን ያዙ። ትቀላለች፣ ትደርቃለች፣ አንገት ላይ ትጠመጠማለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን ላይ ትታሰራለች። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ተመልሳ ትወጣለች። ድንኳኑ ውስጥ ፋኖስ የተለኮሰ ይመስላችኋል።

ቀን ሃያ ዲግሪ፣ ሌሊት አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው አያስደነግጥም፤ የክረምት ልብሳችሁ ይበቃል። የላስቲክ ቦት ጫማ ከመርካቶ ግዙ፤ ሰኔ ላይ እንደሆነ ሞልቶ ነው። በ2007 ሮስኪልድ ላይ የወረደው ዝናብ ሜዳውን ጭቃ ባሕር አድርጎት እንደነበር እስካሁን ያወራሉ። አንድ ጥንድ ካልሲ በላስቲክ አሽጋችሁ ለመኝታ ብቻ አስቀምጡ። በምንም ምክንያት ቀን አትንኩት። ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ አይፈቀድም። የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ፤ ለመድረኩም ለጎረቤቱም።

ስንቅ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ ቀረ ማለት ነው። እናቴ ይሄን ስነግራት "ለአንድ ፍሬ ቋንጣ ማን ይጠይቅሻል?" ብላ ጥቅልል አድርጋ ሻንጣዬ ውስጥ ወሸቀችው። አውጥቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። ደግሞስ ሰሞኑ የሐዋርያት ጾም ነው! ይሄን ሳስታውሳት ዝም አለች።

ጾሙን ለሚጾም እንዲያውም ሜዳው ላይ አትክልት ብቻ ያለበት ምግብ አይጠፋም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት የሚያስቀና ቁርስ ነበረኝ። በሶ። እሳት አይፈልግ፣ ሳህን አይፈልግ። ውሃና ስኳር ብቻ። እዚያ የቧንቧው ውሃ ይጠጣል። ፈረንጆቹ ስቶቭ ፍለጋ ሲንከራተቱ እኔ በሶዬን ጨብጬ፣ ቆሎዬን ይዤ ሣር ላይ ቁጭ። ሁለት ጎረቤቶቼ ቀምሰው ተጠራጠሩ፤ ሦስተኛው በነጋታው ኩባያ ይዞ መጣ። ድርቆሽም ጥሩ ነው፤ ብቻ ይሰባበራል፣ ሻንጣውን በሙሉ ፍርፋሪ ያደርገዋል።

የሰፈር አመራረጥ

ካምፑ ቅዳሜ ሲከፈት ሰው እየሮጠ ነው የሚገባው። ጥሩ ቦታ ለመያዝ ከቀናት በፊት ውጭ ተሰልፈው የሚያድሩ አሉ። እኔ የምደርሰው ማክሰኞ ስለሆነ የአክስቴ ልጅና ጓደኞቹ ቦታ ይዘው ይጠብቁኛል። ብቻችሁን ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ከመድረኮቹ ራቅ ያለ ቦታ ነው የሚተርፋችሁ። አትዘኑ፤ ሩቁ ሰፈር ያስተኛል። ጸጥታና ንጽህና የሚጠበቅባቸው ተብለው የተለዩ ሰፈሮችም አሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆናችሁ በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ኩራት ይዞኝ ከወጣቶቹ መሃል ሰፈርኩ። ስፒከራቸው ከኔ ፍሪጅ ይበልጣል።

አጥር አጠገብ ድንኳን አትትከሉ። ወንዶቹ አጥሩን ሽንት ቤት አድርገውታል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይም አትትከሉ፤ ሲዘንብ ውሃው እናንተ ጋ ነው የሚመጣው። መተላለፊያ ዳርም አይሆንም፤ ሌሊት የሰከረ ሰው ገመዱ ጠልፎት ድንኳናችሁ ላይ ይወድቃል። ካስማውን ቀጥ አድርጋችሁ አትምቱት፤ አናቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ዘንበል ይበል። አለበለዚያ ነፋስ ይነቅለዋል።

ሺዎቹ ድንኳኖች ሌሊት ሁሉም አንድ ናቸው። ሰው ረጅም እንጨት ላይ ባንዲራ፣ ፊኛ፣ ምኑን ቅጡ ይሰቅላል። የአክስቴ ልጅ የሰቀለው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ነው። ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፤ ከኢትዮጵያ የወጣው በሰባት ዓመቱ ነው። ግን ከሩቅ የሚታይ እንደሱ የለም። ጎረቤቶቻችን ሰፈሩን ራሱ "ቢጫው" ይሉት ጀመር።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ ቀን ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ቶሎ ብዬ "4 ሰዓት ብርቱካናማው መድረክ፣ በግራ በኩል" ብዬ ጻፍኩለት። እኔ ምሽት 4 ሰዓት ማለቴ ነው። እሱ ማልሞ ያደገ ልጅ፣ በነሱ 4 ሰዓት፣ ማለትም በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሄዶ አንድ ሰዓት ተኩል ገተረችኝ ብሎ ሲረግመኝ ዋለ። ማታ እኔ በተራዬ ቆሜ ጠበቅኩት። የፕሮግራሙ መተግበሪያ ሁሉን በ24 ሰዓት ነው የሚጽፈው። "22፡00" ብላችሁ ተጻጻፉ፤ ትርጉም አያስፈልገውም። መገናኛ ቦታና ሰዓትም ጠዋት ተነጋገሩ። ማታ ስልክ አይነሳም።

ሽንት ቤትና ሌላው ጉድ

ሽንት ቤት በጠዋት ነው፤ ሰዉ ሳይነቃ፣ ገና የጽዳቶቹ ውሃ ሳይደርቅ። ሶፍትና የእጅ ማጽጃ ኪስ ውስጥ ይኑር። ሻወር ላይ ሰልፍ አለ። በእርጥብ ጨርቅ መታጠብ ያደግኩበት ስለሆነ አልከበደኝም።

በ2015 ሮስኪልድ ላይ ከ50,000 ሊትር በላይ ሽንት ሰብስበው ለገብስ ማሳ ማዳበሪያ አድርገውታል። ከገብሱ ደግሞ ቢራ ጠመቁ። ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ይሄን ስትሰማ ምን እንደምትል ስለማውቅ አልነገርኳትም። የራቁት ሩጫውንም አልነገርኳትም። አዎ፣ አለ። ከ1999 ጀምሮ ሲሮጡ ኖረዋል፤ ያሸነፈ የሚቀጥለውን ዓመት ትኬት ይሸለማል። ትኬቱ ውድ ነው ብያችሁ ነበር፤ ግን እንደዚህም አይደለም።

ጣሳና ጠርሙስ አትጣሉ። ዴንማርክ ውስጥ ስትገዙ መያዣ ትከፍላላችሁ፤ ትንሿ ጣሳ አንድ ክሮነር፣ ትልቁ ፕላስቲክ ሦስት ክሮነር። ባዶውን ስትመልሱ ይመለስላችኋል። ጠዋት ጠዋት ትልቅ ከረጢት ተሸክመው ከድንኳን ድንኳን ጣሳ የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። አንዱ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ጎልማሳ ነበር። "እህቴ" ብሎ ሰላም አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኛ ሰፈር ጣሳ በአንድ ከረጢት ተጠራቅሞ እሱን ይጠብቅ ነበር። እሱ እየሠራ ነው፣ እኛ እየጨፈርን፤ ይሄ ሳያሳስበኝ አልቀረም።

ፓስፖርት ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። ልብስ ስር አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከረጢት ይኑራችሁ፤ ስትተኙም ከላያችሁ አይውረድ። ማልሞ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ በድልድዩ ስትመለሱ የስዊድን ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። ሸንገን ነው ብላችሁ ፓስፖርቱን ቤት አትተዉ። ድንኳን በቁልፍ መቆለፍም ትርፉ "እዚህ ውስጥ ዕቃ አለ" ብሎ መለፈፍ ነው።

ሙዚቃው

ትልቁ መድረክ "ኦሬንጅ" ይባላል። ብርቱካናማ ሸራ ነው፤ የመጀመሪያውን በ1978 ነው የገዙት፣ ከዚያ በፊት ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የሮክ ባንድ የጉዞ መድረክ ነበር። እሱ ፊት ስድሳ ሺህ ሰው ይቆማል። እውነቱን ለመናገር እዚያ የምታዩት ስክሪን ነው። እኔ የወደድኩት "ግሎሪያ" የሚባለውን ትንሽ አዳራሽ ነው። ሜዳው ራሱ ስሙ በዴንማርክኛ "የከብት ኤግዚቢሽን ቦታ" ማለት ነው፤ ግሎሪያም ከዚያው ግቢ አዳራሾች አንዱ ነው። ጣሪያ አለው፣ ዝናብ አይገባም፣ የዘፋኙን ላብ ታያላችሁ። በቀን ሁለት የግድ የምታዩትን ምረጡ። ሌላውን እግራችሁ ይወስን። አምስት ስድስት የመረጠ ሰው ቀኑን ሙሉ በአንዱ መድረክና በሌላው መሃል ሲሮጥ ነው የሚውለው።

ሰው ሲበዛ ስለመቆም ሳልናገር አላልፍም። በ2000፣ ጁን 30፣ ፐርል ጃም የተባለው የሮክ ባንድ ሲጫወት ኦሬንጅ ፊት በተፈጠረ መጨናነቅ ዘጠኝ ወጣቶች ሞተዋል። መታሰቢያቸው እዚያው ሜዳ ላይ አለ። ከመድረኩ ፊት ያለው ቦታ አሁን በአጥር ተከፋፍሎ ተሰልፈው የሚገቡበት ነው፤ ጠባቂዎቹ ውሃ ያድላሉ። እናንተም ቁሉቢ ታቦት ሲወጣ የምታደርጉትን አድርጉ። ሁለት እጃችሁ ደረታችሁ ላይ ይሁን፤ የወደቀ ዕቃ ለማንሳት አታጎንብሱ። መውጣት ከፈለጋችሁ ማዕበሉን ተጋፍታችሁ ወደ ኋላ አይደለም፤ ሸርተት ብላችሁ ወደ ጎን ነው። እግራችሁ መሬት መንካቱን ከተጠራጠራችሁ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

አንድ ቀን ከሜዳው ውጡ። ሐሙስ ወይ ዓርብ ጠዋት ምንም የለም። የሮስኪልድ ካቴድራል በቀይ ጡብ የተሠራ፣ የዴንማርክ ነገሥታት የሚቀበሩበት ነው። ከ1995 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ባሕሩ ዳር ያለው ሙዚየም ደግሞ በ1962 ከውሃ ስር የወጡ አምስት የቫይኪንግ መርከቦች አሉት። እኔ ካቴድራሉ ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝምታውን ብቻ ሰማሁ። ቦት ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም።

መመለሻ

ለእሁድ ጠዋት ጉልበት አስቀሩ። በረራችሁን እሁድ ማታ አታድርጉት፤ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ይሁን። ባቡሩ ይጨናነቃል፣ ልብሱ መታጠብ አለበት፣ እናንተም መተኛት አለባችሁ።

እሁድ ሜዳው ያሳዝናል። ሰው ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ፍራሹን ጥሎ ይሄዳል። ያልተቀደደ፣ ካስማው ያልተነቀለ ድንኳን! የያዛችሁትን ይዛችሁ ውጡ። ለመጣል ርካሽ ድንኳን ከመግዛት መዋስ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። አጠገባችን የሰፈሩት ልጆች ወርውረው የሚዘረጉት ዓይነት ድንኳን ነበራቸው፤ ሊተዉት ሲሉ "ትፈልጊዋለሽ?" አሉኝ። እንዴት አልፈልግም! ሲታጠፍ ትልቅ ምጣድ የሚያህል ክብ ይሆናል። ማልሞ አጥቤ አደረቅኩት፤ ሻንጣዬ ጀርባ ላይ በገመድ ጠፍሬ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ድሬ ላክሁት።

ያን ዓመት ታኅሣሥ 19 እናቴ ይዛው ቁሉቢ ወጣች። ስትወረውረው በአየር ላይ ተከፍቶ ሲቆም ሰው ሁሉ እልል አለ አሉ። በ20 ጠዋት ስልክ ደወለች።

"አንቺ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚታጠፈው?"

"እማዬ፣ መጀመሪያ እንደ እንጀራ ለሁለት እጠፊው። ከዚያ አቁሚውና አናቱን ወደ ታች ተጫኚው። ስምንት ቁጥር ሲሆን አንዱን ክብ በሌላው ላይ አስተኚው።"

ዝም አለች። ከኋላዋ ሰዎች ሲያዙ ይሰማል፤ "ያዥው! ርገጪው! በዚያ በኩል!" የሆነ ነገር ተስፈንጥሮ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ።

"ተዪው በቃ፣" አለች እያለከለከች። "እንደተዘረጋ ኮስትሩ ላይ ጭነነው እንወርዳለን።"